ሸረሪት ብሎ ነገር
ደሴ ያለው ቤታችን ጣሪያ ጥግ በክረምት በድር ይሞላል፤ እናቴም ሁሉንም «ሸረሪት» ብላ በመጥረጊያ ታወርደዋለች። አንዷን በብልቃጥ ይዤ በማጉያ መነጽር ባያት፣ ስምንቱ ዓይኖቿ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ይህ አደራደር ቤተሰቧን ለመለየት ይረዳል እንጂ ዝርያዋን አይነግርም። ለዚያ የጎለመሰ ሸረሪት የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ መታየት ይኖርበታል፤ ወንዱ ዘሩን ለሴቷ የሚያስተላልፈው ከአፉ አጠገብ ባሉት ሁለት አጫጭር መዳሰሻዎች ጫፍ ነው።

የእንስሳት ሳይንሳዊ ስያሜ መነሻ የስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የሊኒየስ የ1758 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ሲሆን፣ ለሸረሪቶች ብቻ ግን የአገሩ ሰው የሸረሪት አጥኚው ካርል ክለርክ የ1757 (እ.ኤ.አ.) ስሞች ይቀድማሉ፤ ይህ አድልዎ ደስ ይለኛል። በጓሯችን የቲማቲም ቅጠል ሥር ስስ ድር የምታደራው ነቁጥ መሰል ፍጥረትም ስምንት እግር አላት፤ ሆኖም ሰውነቷ እንደ ሸረሪት በቀጭን ወገብ ስላልተከፈለ በተለምዶ የምትመደበው ከመዥገር ጋር ነው። እናቴ እሷንም ሸረሪት ትላታለች።