31ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የጠፋው ሰዓት

በአንድ የአትሌቲክስ ክለብ ምክትል አሰልጣኝ ነኝ። የአትሌቶቹን የሩጫ ሰዓቶች ማስተካከልና የተመዘገበውን ልምምድ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት የእኔ ድርሻ ነው። ባለፈው ኅዳር ሰንዳፋ መንገድ ላይ የደረሰውን የምጽፈው ጥፋቱ የእኔ ስለነበረ ነው።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ የ40 ኪሎ ሜትር ረጅም ሩጫ። ውኃ የያዘው መኪና ከፊት ካሉት ወንዶች ጋር ሄዷል። ለመጀመሪያ ማራቶኗ የምትዘጋጅ አንዲት ልጅ ከኋላ ብቻዋን ቀረች። ስትደርስ ክንዷን ወደ እኔ ዘረጋች፤ የሰዓቱ ገጽ ጥቁር ነው። “አሰልጣኝ፣ 31 ላይ ጠፋብኝ” አለችኝ፤ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። ዋናው አሰልጣኝ ሰምተው ደብተራቸውን ከኪሳቸው አወጡና “31” ብለው ጻፉ። ያላዩትንና ያልተመዘገበውን ኪሎ ሜትር ለማንም አይጽፉም። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ አቀርቅራ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ብቻዋን ሮጣ፣ እንዳልሮጠች ተቆጠረባት።

“ብርዱ ነው” ያሉ ነበሩ። ብርድ የሊቲየም ባትሪን አቅም እንደሚቀንስ እውነት ነው። ነገር ግን ከሚሮጥ ሰው ቆዳ ጋር ተጣብቆ ሁለት ሰዓት የቆየ ሰዓት በሰንዳፋ ጠዋት ብርድ አይጠፋም። ማታ ሰዓቱን ተቀብዬ ከፈትኩትና ቅንብሩን አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉንም ያበራሁት እኔ ነኝ።

ጂፒኤሱ ከሁሉም የሳተላይት ሥርዓቶች፣ ያውም በሁለት የሞገድ ዓይነት እንዲቀበል አድርጌው ነበር። ይህ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል፣ ወይም እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲሮጥ ዋጋ አለው። ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት የሰንዳፋ ሜዳ ግን ተራው ጂፒኤስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፉ ባትሪ መብላት ብቻ ነው። ስክሪኑም ሳይጠፋ እንዲበራ ነበር የተደረገው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የደም ኦክስጅን እንዲለካ ማድረጌ ነው። ከፍታ ላይ ስለምንኖር ቁጥሩን ማየት ጓጓሁ፤ ጉጉቱ የእኔ ነበር፣ ባትሪው ግን የእርሷ። ማታ 38 በመቶ የነበረው ንጋት ላይ 22 ሆኖ አደረ፤ ሩጫውን የጀመረችው በዚያ ነው።

“ታዲያ ለምን ሳትሰኪው አደርሽ?” አልኳት በማግስቱ።

“ጨርሶ ካልወረደ አትሰኪው ብለውኝ አልነበር?”

ብያታለሁ። የድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ጨርሰው ሳይወርዱ ደጋግመው ከተሞሉ አቅማቸው የሚቀንስበት ጊዜ ስለነበር፣ ከልጅነቴ የሰማሁትን ሳልመረምር አስተላለፍኩላት። የሊቲየም ባትሪ ተቃራኒ ነው። እስከ ዜሮ መውረድ ይጎዳዋል፤ በየመሃሉ ጥቂት ጥቂት መሙላት አይጎዳውም። ሙቀትም ጠላቱ ነው። እኔ ግን ልጆቹ ሲታሹ ሰዓቶቻቸውን ሰብስቤ ፀሐይ በሚመታው የመኪናው የፊት መስታወት ሥር ነበር የማስቀምጠው።

ሰዓቱን ስገለብጠው ደግሞ ቻርጀሩ በሚነካቸው ትንንሽ የብረት ነጥቦች ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት አየሁ። ላብ ነው። በጥፍር ሲነኩት ይፈረፈራል። ተሰክቶ እያለ አንዳንዴ የማይሞላው ለዚህ ነበር። በረጠበ ጨርቅ ጠርጌ በደንብ አደረቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ከልምምድ በኋላ ገላዋን ስትታጠብ ሰዓቱ ቻርጀር ላይ ይቀመጣል፤ ማታ መብራት ቢጠፋ እንኳ አያሳስባትም። ሜዳ ላይ ተራው ጂፒኤስ፣ እንጦጦ ስንወጣ ብቻ ሁለቱ ሞገድ። ስክሪኑ ክንዷን ስታነሳ ብቻ ይበራል። የኦክስጅኑን ልኬት ዘጋሁት፤ ሲያስፈልገኝ ጠዋት ቁጭ ብላ አንዴ ትለካለች። የልብ ምቱን አልነካሁም፤ እርሱ ከሌለ ሰዓቱን ማሰሯ ለሩጫው ምን ይጠቅማል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ 40 ደገመች። በ90 በመቶ ጀምራ ስትጨርስ 76 ይል ነበር። ውኃ ሳትቀበል በቀጥታ ወደ ዋናው አሰልጣኝ ሄዳ ክንዷን አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና “40” ብለው ጻፉ። እኔም በዚያው የኅዳሩን ገጽ ገልጠው እንዲያርሙት ለመንኳቸው፤ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ልጅቷ ፊት ነገርኳቸው። ደብተሩን ዘግተው ወደ ኪሳቸው ከተቱት። 31ዱ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው፤ አሁንም ሐሙስ በመጣ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ።