የአዲስ አበባ አየር በሞል ሲቆጠር

ጋዝ በሊትር ሲነገረኝ ደስ አይለኝም። ስንት ሞል ነው ብዬ ካልጠየቅኩ አያስችለኝም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የታክሲ ረዳት ተሳፋሪውን በኪሎ አይመዝነውም፣ ሰው ነው የሚቆጥረው። ሞልም ቆጠራ ነው። ከግንቦት 2011 ጀምሮ አንድ ሞል ማለት በትክክል ይህን ያህል ቅንጣት ነው ተብሎ ተቆርጧል፤ ከ6 ቀጥሎ 23 ዜሮ ቢደረደር የሚጠጋው ቁጥር ነው። ኬሚስትሪም የሚሠራው በቆጠራ ነው። አሞኒያ ለመሥራት ለ10 ኪሎ ሞል (አንዱ 1000 ሞል ነው) ናይትሮጅን 30 ኪሎ ሞል ሃይድሮጅን ይፈለጋል። አንድ ለሦስት፣ አለቀ። ይኸው ነገር በክብደት ሲነገር 280 ኪሎ ለ60 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አንድ ለሦስቱን ማን ያየዋል?

የእህቴ ልጅ አምስት ኪሎ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ትማራለች። ፈተና ስለደረሰባት ሰሞኑን ማታ ማታ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን የሞል ፍሰት እንሠራለን። በቧንቧ ውስጥ በሰዓት ወይም በሰከንድ ስንት ሞል ያልፋል የሚለውን ማለት ነው። ዩኒት መቀየር እንደ አሰልቺ ሥራ ነው የምታየው። አልፈርድባትም፣ ሲያስተምሩት ሠንጠረዥ ሰጥተው ሸምድዱ ነው የሚሉት።

እኔ ሠንጠረዡን አስዘጋኋት። 100 ኪሎ ሞል በሰዓት ስንት ሞል በሰከንድ ነው? ኪሎ ሞሉ ሞል ሲሆን ቁጥሩ በ1000 ይባዛል። ሰዓቱ ሰከንድ ሲሆን ደግሞ ለ3600 ይካፈላል። አንዱ ወደ ላይ ይጎትታል፣ ሌላው ወደ ታች። ተደምሮ ለ3.6 ማካፈል ነው፣ መልሱም 27.8 ሞል በሰከንድ ገደማ። ካልኩሌተር ሳትነካ ከሩብ ትንሽ አለፍ ማለት እንዳለበት ማወቅ አለባት። ደብተሯ ላይ ዩኒቶቹን ከላይና ከታች እየጻፈች በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዛቸዋለች። «ሰዓት»ን ከ«ሰዓት» ጋር ስታጣፋ በጣም ከመጫኗ የተነሳ መስመሩ ቀጣዩ ገጽ ላይ ይታያል። ደስ ይለኛል። የሚቀረው ዩኒት የፈለገችው ካልሆነ መልሱን ማየት እንኳ አያስፈልግም።

ፓውንድ ሞል የሚባልም አለ፣ የአሜሪካ መጻሕፍት አይተዉትም። አንዱ 453.6 ሞል ነው። 220 ፓውንድ ሞል በሰዓት 99.8 ኪሎ ሞል በሰዓት ይሆናል። በዚህ ብዙ አልቆየንም።

የቆየነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ጥያቄው በሜትር ኪዩብ ከመጣስ?» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው አዲስ አበባ የምትገባው። መጽሐፉ 1 ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ይይዛል ይላል። እውነት ነው፣ ግን በ0 ዲግሪና በባሕር ወለል ግፊት። እኛ የተቀመጥነው ከ2300 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። በ20 ዲግሪ እዚህ 1 ሞል አየር ወደ 32 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ በመጽሐፉ ሁኔታ የተለካ 1000 ሜትር ኪዩብ በሰዓት 44.6 ኪሎ ሞል በሰዓት ሲሆን፣ አራት ኪሎ ላይ የተለካው 1000 ሜትር ኪዩብ ግን 31.6 ብቻ ነው። ቅናሹ ከመቶ ሠላሳ ሊሞላ ምንም አልቀረው! ለባሕር ወለል የተሠራ ኮምፕረሰር፣ ማለትም አየር ስቦ የሚያምቅ ማሽን፣ ገዝቶ እዚህ የሚተክል ሰው የሚጎድለው የዚህ አብዛኛው ነው፤ ቀሪው ከሙቀቱ ልዩነት የመጣ ነው። ማሽኑ የሚስበው ይዘት አልተቀየረም። ውስጡ ያለው የቅንጣት ቁጥር ነው የቀነሰው።

ለዚህ ነው ሜትር ኪዩብ ሲጻፍ ሙቀቱና ግፊቱ አጠገቡ ካልተጻፈ ቁጥሩን የማላምነው። ሞል ሲጻፍ ግን ምንም ማስረጃ አልጠይቅም። ጅቡቲም ሆነ እንጦጦ 1 ሞል ያው 1 ሞል ነው።

ቀጥሎ ራሳችንን ለካን። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ 6 ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል። እዚህ ያ 0.19 ሞል በደቂቃ ነው። በሰዓት 11.4 ሞል፣ በሰከንድ 0.0032 ገደማ። ጅቡቲ በ30 ዲግሪ የተቀመጠ ሰው በዚያው 6 ሊትር 0.24 ሞል በደቂቃ ያገኛል። ኦክስጅኑ ከመቶ 21 መሆኑ እዚያም እዚህም አንድ ነው፣ የሚለየው ቆጠራው ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን ሲወጣ ለምን ቆም ቆም እንደሚል ይኸው በቁጥር። እንጦጦ ላይ ልምምድ የሚሠሩት ሯጮች ደግሞ ከዚህም ባነሰ ነው የሚሮጡት። ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትንሽ አሰበች። «እርጥበቱንስ? የውሃውን ተን አልቀነስንም እኮ» አለች። ትክክል ናት። ተኑም ከዚያው ከ0.19 ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ ኦክስጅኑ ትንሽ ዝቅ ይላል። ምን ያህል እንደሚሆን ለማወቅ የዕለቱ እርጥበት ያስፈልገናል። ለቅዳሜ ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት።