ሎክሩና ፎር፦ ተረት እየመራ የአንድ ቀን ጉዞ በአየርላንድ

ኒውግሬንጅ የተባለውን ጥንታዊ መቃብር አይቶ «ቀጥሎስ የት?» ለሚል ሰው ከሎክሩ ጥንታዊ መቃብሮች ወደ ፎር የገዳም ሸለቆ የሚወስደው ይህ መስመር ይመቸዋል። ሎክሩ ከደብሊን ወደ ሰሜን ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ታራና የዋርድ ኮረብታ የተባሉትን ሌሎች ጥንታዊ ቦታዎች የሚጨምረውን ረጅሙን እቅድ ግን ተዉት፤ አራት ቦታ ሲያዝ በሎክሩ ድንጋዮች ላይ የተቀረጹት ቅርጾች የሚታዩበት ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል። ሎክሩንና ፎርን የሚያስተሳስራቸው ተረት ነው። በሁለቱም ቦታ ዓይናችሁን የት እንደምታሳርፉ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የሎክሩ የአይሪሽ ስም ስሊቭ ና ካሊ፣ «የአሮጊቷ ተራራ» ማለት ነው። አስማተኛዋ አሮጊት ሽርጧን በድንጋይ ሞልታ ከኮረብታ ኮረብታ ስትዘል በየአናቱ እፍኝ እፍኝ ጣለች፤ በመጨረሻው ዝላይ ግን ወድቃ ሞተች ይላሉ። አናቱ ላይ ወጥታችሁ ዙሪያውን ስትቃኙ ተረቱ የሚለው ይገባችኋል፦ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩት የመቃብር ካቦች በተከታታይ ኮረብቶች አናት ላይ ተበትነዋል።

በስልክ ካርታ ላይ «ሎክሩ ኬርንስ» ብላችሁ ፈልጉ። «ሎክሩ ጋርደንስ» ካላችሁ ካቦቹ ጋር ሳይሆን የአትክልት ስፍራው በር ላይ ያደርሳችኋል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ አናቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስኬዳል። ዳገቱ ሣር ነው፤ ዝናብ ሲነካው ይበልጥ የሚያዳልጠው ስትወርዱ ስለሆነ ሶሉ የሚነክስ ጫማ ያስፈልጋል። በጎች የሚግጡበት ስለሆነ ውሻ አይወሰድም። ምዕራባዊው ኮረብታ የግል መሬት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አጥር አትሻገሩ።

በምትወጡበት ኮረብታ ላይ ያለው ትልቁ ካብ ኬርን ቲ ይባላል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት፣ በመጋቢት 11 እና በመስከረም 12 ወይም 13 አካባቢ፣ የንጋት ፀሐይ በመተላለፊያው ገብታ የኋለኛውን ቅርጽ ያለበት ድንጋይ ታበራለች። ይህን በ1980 እ.ኤ.አ. ያስተዋሉት ማርቲን ብሬናንና ጃክ ሮበርትስ ናቸው። የካቡ የውስጥ ክፍል ግን ባለፉት ዓመታት ለደህንነት ሲባል ተዘግቶ ስለቆየ፣ እገባለሁ ብላችሁ አትነሱ። ይልቅ በሰሜን በኩል ዞራችሁ «የአሮጊቷ ወንበር» የተባለውን ግዙፍ ድንጋይ እዩ። ከዚያ በአጠገቡ ወዳሉት ጣሪያቸው ወደ ፈረሰ ትንንሽ ካቦች እለፉ፤ ቅርጾቻቸው ሜዳ ላይ ናቸው።

ብዙ ሰው ቅርጾቹን ሳያይ የሚመለሰው እዚህ ነው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው መስመር ጥልቀት ስለሌለው የቀትር ፀሐይ ጥላውን ታጠፋዋለች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ወደ ማታ ሲሆን ብርሃኑ በአግድም ስለሚመጣ ክቦቹና ዚግዛጎቹ ይወጣሉ። ሰማዩ ከደመነ ጃኬት ወጥራችሁ ድንጋዩን አጥሉበትና የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከድንጋዩ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አብሩበት። በጠመኔ ማድመቅ ወይም በጣት መከተል ፈጽሞ አይገባም፤ ገጹን ያበላሻል።

ምሳ ኦልድካስል ከተማ ብሉና ወደ ፎር ውረዱ፤ ከዚያ ሩቅ አይደለም። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ፌኺን ገዳም የመሠረተበት ሸለቆ ነው፤ «ሰባቱ ድንቆች» ይባልለታል። መጀመሪያ ዳገቱ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። በምዕራቡ በር ላይ በክብ ውስጥ መስቀል የተቀረጸበት ከባድ ጉበን አለ፤ ቅዱሱ በጸሎት አነሣው የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ መንገዱን ተሻግራችሁ ወደ ወፍጮው ፍርስራሽ ውረዱ። «ሽቅብ የሚፈስ ውሃ» የሚሉት ከኮረብታው ግርጌ የሚፈልቀውን ነው። ከኮረብታው ማዶ ያለው የሌን ሐይቅ ውሃ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ተሹለክልኮ በዚህ በኩል ይወጣል፤ ወፍጮውም ውሃ ሳይኖረው ተሠርቶ በኋላ ውሃ መጣለት የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ ነው። ሜዳው ረግረግ ስለሆነ ሜዳው ላይ ወዳለው ትልቁ የገዳም ፍርስራሽ ከመሻገራችሁ በፊት ቦት ጫማ አድርጉ።

«የማይፈላው ውሃ» ጠበል ብዙ ጊዜ ደርቆ ይገኛል፤ ከዝናብ ሳምንት በኋላ መሄድ ይሻላል። አጠገቡ ያለው «የማይነደው ዛፍ» የሞተው ሰዎች ለስለት ግንዱ ላይ በቸነከሩት ሳንቲም መዳብ ተመርዞ ነው ይባላል። ስለዚህ ሳንቲም አትጨምሩ። ጨርቅ ማሰርም ቢሆን እምነቱ ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙ አብሮ ይሄዳል ነው፤ ናይለን ደግሞ አይበሰብስም።