እንኳን አደረሳችሁ! የበዓል ወሬዬ ከወደ ጃፓን ነው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! አገር ቤት ያላችሁም፣ በሰው አገር ሆናችሁ በዓሉን ከሥራ መልስ የምታከብሩትም፣ ዓመቱ የጤናና የሰላም ይሁንላችሁ።

ሙዚቃ መጀመር ፈልጋችሁ «ከየት ልነሳ?» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ልጆች አላችሁ። ለእናንተ ብዬ ዛሬ ስለ ጃፓናዊው ዘፋኝ ፉጂይ ካዜ ላውራችሁ። ስሙን ባታውቁት እንኳ ድምፁን ቲክቶክ ላይ ሳትሰሙት አትቀሩም።

ካዜ በፈረንጆቹ 1997 ተወለደ። ያደገው በኦካያማ ግዛት፣ ሳቶሾ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። አባቱ ካፌ ነበራቸው። ፒያኖ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። 12 ዓመት ሲሆነው ደግሞ ዩቲዩብ ላይ እንዲጫወት አበረታቱት። ጊዜው 2010 ነው። ልጁ እቤቱ ቁጭ ብሎ የሌሎችን ዘፈን በራሱ አጨዋወት እየተጫወተ ይለቅ ጀመር።

እኔን ከታሪኩ ሁሉ የሚነካኝ ይሄ አባት ነው። እኛ ጋ «ዘፈን እንጀራ አይሆንም» ተብሎ ስንቱ ልጅ ዝም ብሏል! ወላጆቻችን ክፉ አስበው አይደለም፤ ስለሚሳሱልን ነው። የካዜ አባት ግን ልጃቸውን ሰው እንዲሰማው ፈለጉ።

2019 ላይ ቶኪዮ ገባ። በግንቦት 2020 የመጀመሪያ አልበሙ ወጣ። ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው። ዓለም በኮሮና በሩን የዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ለአዲስ ዘፋኝ ከዚህ የከፋ ወቅት ከየት ይመጣል?

በሚቀጥለው ዓመት፣ የእኛ እንቁጣጣሽ ሊገባ ልክ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ዮኮሃማ በሚገኘው የኒሳን ስታዲየም ኮንሰርት አደረገ። ከ70 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው፤ ያን ቀን ግን አንድም ተመልካች አልነበረም። ሳሩ ላይ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ልጅ፣ ከላይ ዝናብ። ሰው በየቤቱ ሆኖ በዩቲዩብ በነፃ አየው። ትኬት የለ፣ ጭብጨባ የለ፤ እሱ ግን ስታዲየሙ የሞላ ይመስል ነበር የሚዘፍነው። እባካችሁ ፈልጋችሁ እዩት።

ጃፓኖች የዓመታቸውን የመጨረሻ ምሽት ኮሃኩ የተባለውን የኤንኤችኬ (የጃፓን የሕዝብ ቴሌቪዥን) የሙዚቃ ዝግጅት እያዩ ያመሻሉ። ከ1951 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው። በ2021ዱ ዝግጅት ካዜ ሳቶሾ ከሚገኘው ቤታቸው ሆኖ ሲጫወት ታየ። ተመልካቹ በቃ ከዚያው ሊዘፍን ነው ብሎ ሲያስብ፣ ቶኪዮ አዳራሹ ውስጥ ብቅ አለ! በዚያው ምሽት ዝነኛዋ ዘፋኝ ሚሲያ መዝጊያውን ስትዘፍን ፒያኖ የተጫወተላትም እሱ ነው። ዘፈኑንም የደረሰላት እሱ ነበር።

በ2022 ደግሞ ከዚያ ከመጀመሪያው አልበሙ «ሺኑኖጋ ኢይዋ» የተባለው ዘፈን ከታይላንድ ተነስቶ በቲክቶክ ዓለምን አዳረሰ። ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። የለቀቃችሁትን ሥራ ሰው አላየልኝም ብላችሁ ለማጥፋት የምታስቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ይቀመጥ።

እናቶችና አባቶች፣ ከእናንተም አንድ ነገር ልለምን። ነገ ጠዋት ሴቶች ልጆቻችን «አበባየሆሽ» እያሉ በራችሁን ሲያንኳኩ፣ ብሩን ቶሎ ሰጥታችሁ አትሸኟቸው። ዘፈኑን እስኪጨርሱ ቆማችሁ ስሟቸው፣ አጨብጭቡላቸው።

መልካም አዲስ ዓመት!