ኢሜይሉ ይገባል ግን አይወጣም

ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ጎረቤቴ ጋሼ ደወሉልኝ። "የኔ ልጅ፣ ቤት ካለህ እስቲ ብቅ በል፣ ኢሜይሌ አልሄድ ብሎኛል፣ ፕሮፎርማው 10 ሰዓት ላይ ይዘጋል" አሉኝ። እኛ ያለነው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚነሳበት አካባቢ፣ እና ፕሮፎርማውን የሚፈልገው ፋብሪካ ዱከም በኩል ስለሆነ በዛ ሰዓት ወረቀት አሳትሞ ማህተም አርጎ ታክሲ ጠብቆ መድረስ የማይሆን ነገር ነው። ጋሼ ለፋብሪካዎች ኩሽኔታና ቺንጋ ያቀርባሉ። ሱማሌ ተራ የነበራቸውን ቢሮ ለቀው ዴስክቶፑን ጭነው ቤት ካመጡት ሁለት ወር ሆኗቸዋል፣ አሁን ሳሎን ጥግ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው ያለው።

ስደርስ ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራማቸው ተከፍቷል፣ መሀል ላይ ደግሞ ያቺ ትንሽ መስኮት ወጥታ መልዕክቱ አልተላከም፣ ከአውትጎይንግ ሰርቨሩ፣ ማለትም መልዕክት ከሚያወጣው ኮምፒውተር ጋር ያለው ግንኙነት ታይምድ አውት ሆኗል፣ መልስ ሳይመጣ ጊዜው አልፏል ትላለች። ጋሼ ግን "ኢንተርኔቱማ አለ፣ ይኸው የፋብሪካው ኢሜይል ጠዋት ገብቷል" እያሉ ያሳዩኛል። እውነታቸውን ነው፣ ገብቷል።

መጀመሪያ ሰዓቱን ማትረፍ ነው። የኮምፒውተሩ ብሮውዘር ላይ ዌብሜይሉን፣ ማለትም ኢሜይሉን በድረ ገፅ የሚያሳየውን፣ ልከፍት ስል ገፁ እምቢ አለ፣ ጋሼም "እሱማ እንዲህ ከሆነ ቆየ፣ ኔትወርኩ ነው" አሉኝ፣ እኔም በጥድፊያ ሳላነበው አለፍኩት፣ ማለፍ አልነበረብኝም፣ እመለስበታለሁ። ፋይሉን በኬብል ወደ ስልካቸው ገልብጠን ከስልኩ በዌብሜይል ገብተን 9 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ላክነው። እናንተም እንዲህ ያለ ቀን ከገጠማችሁ ከፕሮግራሙ ጋር አትታገሉ፣ መጀመሪያ በሌላ መንገድ ላኩ፣ ሴቲንግ ቀን አለፈብኝ አይልም።

ከዛ ቡና እየተቆላ ቁጭ ብለን ማየት ጀመርን። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ኢሜይል የሚገባበትና የሚወጣበት በር አንድ አይደለም። የሚገባው ፖፕ ወይ አይማፕ በሚባል አሰራር ነው፣ የሚወጣው ኤስኤምቲፒ በሚባለው ነው፣ ሰርቨሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ፖርቱ፣ ማለትም የሰርቨሩ የበር ቁጥር፣ ሌላ ነው፣ ፓስዎርዱ ራሱ ለየብቻ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ "ይገባል እኮ" ማለት ስለመውጫው ምንም አይነግረንም። ተንደርበርድ ላይ ደግሞ የመውጫው ሴቲንግ ተደብቆ ነው ያለው፣ አካውንት ሴቲንግ ውስጥ በግራ በኩል ካለው ዝርዝር እስከ ታች ወርዳችሁ መጨረሻ ላይ አውትጎይንግ ሰርቨር የምትለው ናት፣ ሰው ሁሉ ላይ ላዩን አይቶ "ሴቲንጉ ልክ ነው" ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

የጋሼን ስከፍተው የሰርቨሩ ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ስም የለም፣ 192.168 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ነው ያለው። እንዲህ የሚጀምር አድራሻ የአንድ ቤት ወይ የአንድ ቢሮ የውስጥ አድራሻ ነው፣ ከግቢ ውጪ የትም አይታወቅም። ለካ ሱማሌ ተራ እያሉ የህንፃው ባለቤት ድርጅት እዛው ፎቅ ላይ የራሱ ሰርቨር ነበረው፣ ለተከራዮቹም በሱ በኩል ይልክላቸው ነበር፣ ፓስዎርድም አይጠይቅም። አሁን ቱሉ ዲምቱ ሆኖ ያንን ቁጥር መጥራት ባዶ ቤት ማንኳኳት ነው። የሚገባው ግን ቀጥታ ዶሜይናቸውን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻቸው ከአት ምልክቱ በኋላ ያለውን ስም፣ ከሚያስተናግደው ሰርቨር ስለሆነ ቤት መቀየራቸውን ምንም አላወቀውም።

ጋሼ ይሄኔ "አንድ ልጅ እኮ አካውንቱን አጥፋውና እንደገና ክተተው ብሎኛል፣ እሱ አይሻልም?" አሉኝ። እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። ስለዚህች ነገር ነው ዋናው ልፅፍ የፈለግኩት። የዛሬ ስድስት ዓመት አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት ሄጄ ልክ እንዲህ ኢሜይላቸው አልወጣ ብሎ አካውንቱን አጠፋሁት፣ ሲያጠፋ መልዕክቶቹም ይጥፉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን አለ፣ ምልክት አርጌ አለፍኩ፣ ሰርቨሩ ላይ አለ ብዬ። ፖፕ ነበር። ፖፕ ደግሞ በተሰራበት አኳኋን መልዕክቱን ወደ ኮምፒውተሩ አውርዶ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሊያጠፋ ይችላል፣ የሳቸውም እንደዛ ነበር። ውጪ ያለው ልጃቸው ለዓመታት የፃፈላቸው ሁሉ ሄደ። "ምንም አይደለም ልጄ" አሉኝ፣ ፊታቸውን ግን አይቻለሁ። ከዛን ቀን ወዲህ ለማንም ሰው አካውንት አጥፍቼ አላውቅም። ያልወጣ ኢሜይል ለማስወጣት የገባውን ማጥፋት ምን ይባላል?

ስለዚህ ምንም ሳልነካ ኸልፕ ውስጥ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን ከሚለው ገብቼ ደብዳቤውና ሴቲንጉ ሁሉ ያለበትን ፕሮፋይል ፎልደር ከፍቼ፣ ተንደርበርዱን ዘግቼ፣ ፎልደሩን እንዳለ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። የጋሼም ፖፕ ነው፣ የ11 ዓመት ደብዳቤ እዛች ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው ያለው። ግልበጣው የፈጀው አንድ ስኒ ቡና የምትጠጣበትን ያህል ነው፣ እባካችሁ እቺን አትዝለሏት።

ከዛ የሰርቨሩን ስም ዶሜይናቸውን በሚያስተናግደው ቀየርኩት፣ ፖርቱን 25 እንዳለ ተውኩት፣ አንድ በአንድ ነው መቀየር፣ ሦስት ነገር አንዴ ቀይራችሁ ቢሰራ የትኛው እንደነበር አታውቁም፣ ባይሰራም የትኛውን እንዳበላሻችሁ አታውቁም። አሁንም ታይምድ አውት። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ኤስኤምቲፒ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲፃፍ ፓስዎርድ የሚባል ነገር አልነበረውም፣ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ስለነበሩ ሁሉም ከሁሉም ይቀበላል፣ በሩም 25 ነበር። በኋላ ስፓም ሲመጣ በቫይረስ የተያዙ የቤት ኮምፒውተሮች ሁሉ በዚህ በር ቆሻሻ መላክ ጀመሩ፣ በዓለም ላይ ብዙ ኢንተርኔት አቅራቢዎችም ለቤት መስመር 25ን ዘጉት፣ አሁን እሱ ሰርቨር ከሰርቨር የሚገናኝበት ነው። ለእኔና ለእናንተ መላኪያ በ1998 እ.ኤ.አ. ፖርት 587 ተለየ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ገና ከመነሻው የተመሰጠረው 465 እንዲመረጥ ተመከረ። እና ፓወርሼል የሚባለውን የዊንዶውስ ትዕዛዝ መፃፊያ ከፍቼ ቴስት ኔትኮኔክሽን በሚለው ትዕዛዝ ሰርቨሩን በ25 ስጠይቀው ፎልስ፣ አልተገናኘም፣ በ465 ስጠይቀው ትሩ፣ ተገናኝቷል አለኝ። በቃ 465።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አለች፣ 465 ከሆነ የምስጠራውን ዓይነት በሚያስመርጠው ኮኔክሽን ሴኩሪቲ ላይ ኤስኤስኤል ቲኤልኤስ ነው የሚመረጠው፣ 587 ከሆነ ሳይመሰጠር ጀምሮ ወደ ምስጠራ የሚዞረው ስታርት ቲኤልኤስ ነው። 465 ላይ ስታርት ቲኤልኤስ ከመረጣችሁ ሁለቱም ወገን ሌላው እስኪናገር እየጠበቀ ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ታይምድ አውት ሊልባችሁ ይችላል፣ እናንተ ኔትወርክ ስታማርሩ ትውላላችሁ።

ሴቭ አርጌ ላክ ስለው ታይምድ አውት ቀረ፣ ሌላ መስኮት መጣ፣ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ማንነቱን የሚያረጋግጥበት መታወቂያ፣ ትክክል አይደለም፣ በግድ ልቀበለው ወይ የሚል። ጋሼ "እሺ በለዋ" አሉኝ። እሺ አይባልም፣ ያ ማለት ማንነቱን ላላረጋገጥኩት ሰው ፓስዎርዴን ልስጥ ማለት ነው። ስናነበው ሰርተፊኬቱ "ገና አልጀመረም" ይላል። ገና ያልጀመረ ሰርተፊኬት! ቀና ብዬ የስክሪኑን ቀኝ ጥግ ሳየው ዓመቱ 2017 ይላል።

"ጋሼ ይሄን ሰዓት ማን ሞላው?"

"እኔ ነኛ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል፣ ካላንደሩን አይቼ እሞላዋለሁ።"

ካላንደሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ሚያዝያ 2017። ዊንዶውሱ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፣ በሱ 2025 ነው፣ ኮምፒውተሩ በስምንት ዓመት ወደኋላ ተቀምጧል ማለት ነው። በፈረንጁ ከ2020 ወዲህ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ሰርተፊኬት ዕድሜው ያኔ ቢበዛ 398 ቀን ስለነበር በ2017 የሚኖር ኮምፒውተር ዛሬ ያለውን ሰርተፊኬት በሙሉ ገና አልተወለደም ነው የሚለው። ያ በጥድፊያ ያለፍኩት ብሮውዘርም ሲል የነበረው ይህንኑ ነው፣ ሁለት ወር ሙሉ ኔትወርክ እየተባለ። ኢሜይሉ እንዴት ይገባ ነበር ካላችሁ፣ መግቢያው ድሮ እንደተሰራ በፖርት 110 ያለ ምስጠራ ስለነበር ሰርተፊኬት የሚባል ነገር አይጠይቅም፣ እሱንም በኋላ ወደ 995 አዞርኩት።

ሰዓቱን አስተካክዬ ስልከው ሌላ ስህተት መጣ፣ 535፣ ዩዘርኔሙን ወይ ፓስዎርዱን አልተቀበልኩም የሚለው፣ እሱ ግን ቀላል ነው፣ ዩዘርኔሙ ላይ ከአት ምልክቱ በፊት ያለችው ብቻ ነበረች፣ ሙሉውን አድራሻ አስገባሁና ፓስዎርድ ጠየቀኝ፣ ጋሼ መነፅራቸውን አርገው ራሳቸው ፃፉት፣ ሄደ። ለራሳቸው የላኩትም በሰከንድ ተመልሶ ገባ። እናንተ ጋ ፓስዎርድ ቀይራችሁ ይሄው 535 ከመጣ ሴቭድ ፓስዎርድስ ውስጥ ገብታችሁ የመውጫዋን መስመር ለብቻዋ አጥፏት፣ አሮጌውን ፓስዎርድ ይዛ ቀርታ ሊሆን ይችላል። ጂሜይል የምትጠቀሙ ደግሞ ጉግል ከግንቦት 2014፣ በፈረንጁ ሜይ 30 ቀን 2022 ወዲህ በተራ ፓስዎርድ የሚገባውን አሰራር ስለዘጋ ኦውት የሚለውን፣ በጉግል በራሱ ገፅ የሚያስገባውን፣ መምረጥ ወይ ለፕሮግራሙ ብቻ የሚሆን ባለ 16 ፊደል አፕ ፓስዎርድ ማውጣት ነው። ትልቅ ፋይል የሚልክ ሰው ደግሞ ገደቡ 25 ሜጋ ነው ሲባል 25 ሜጋ ፋይል ይሄዳል ማለት እንዳልሆነ ይወቅ፣ አታችመንት ሲላክ በሲሶ ገደማ ስለሚያብጥ 18 ሜጋ ላይ ማቆም ይሻላል።

ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ ክብዋን የማዘርቦርድ ባትሪ ገዛሁ፣ ሲአር 2032 የምትባለውን፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት፣ አሮጌዋን አውጥቼ ከተትኩላቸው፣ ሰዓቱም ከኢንተርኔት ራሱን እንዲሞላ አረግኩት። ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደውለው "ቀኑ አለ" አሉኝ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ያልተላከ መልዕክት የሚጠራቀምበት አውትቦክስ ውስጥ ጋሼ በኋላ ላክ በሚለው የጫኗቸው ሰባት ኢሜይሎች ተቀምጠው አገኘን፣ እሳቸው ሄደዋል ብለው ነው ሁለት ወር መልስ ሲጠብቁ የነበሩት፣ "ምነው ዝም አሉኝ" እያሉ። አንድ በአንድ ከፍተን አየናቸው። ሦስቱ ቀናቸው ያለፈ ፕሮፎርማ ስለነበር ሰረዟቸው። ሦስቱን ዋጋ አስተካክለው ላኳቸው። የመጨረሻዋ ለድሮ ደንበኛቸው የፃፉት የሀዘን መልዕክት ነበረች፣ እሷን ኢሜይል አልበቃትም አሉ፣ ስልካቸውን አንስተው በረንዳ ወጡ።