ሦስቱ ሳጥኖች፦ የአፈር ሜካኒክስ ስሌት እንዴት እንደገባኝ

የሲቪል ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያውን የአፈር ሜካኒክስ ፈተና የወደቅሁት በአንድ የማካፈል ስሕተት ነበር። ጥያቄው ውስብስብ አልነበረም። ይዘቱ 1000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሆነ የአፈር ናሙና እርጥብ ሳለ 1850 ግራም፣ በምድጃ ከደረቀ በኋላ 1480 ግራም ይመዝናል፤ የጠጣሩ ስፔሲፊክ ግራቪቲ፣ ማለትም ከእኩል ይዘት ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ፣ 2.70 ነው፤ የእርጥበት መጠኑን፣ ደረቅ እፍግታውን፣ ቮይድ ሬሾውንና ባዶ ቦታው ምን ያህል በውሃ እንደተሞላ አስሉ ይላል። እኔ 370 ግራሙን ውሃ ለ1850 አካፍዬ 20 በመቶ ብዬ ጻፍሁ። ቀጥለው የመጡት መልሶች ሁሉ በዚሁ ቁጥር ላይ የተገነቡ ስለነበሩ አንዱም አልቀናም።

ለስሕተቱ ምክንያት ነበረው። መቶኛ ሲባል ከጠቅላላው የሚወሰድ ድርሻ እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ ከመቶ ብር 20 ብር እንደማለት ነው። በአፈር ሜካኒክስ ግን የእርጥበት መጠን ማለት የውሃው ክብደት ከደረቁ ጠጣር ክብደት ጋር ሲነጻጸር ነው። ስለዚህም ከመቶ በላይ ሊሆን ይችላል፤ የሜክሲኮ ሲቲ ሸክላ አፈር ከ300 በመቶ በላይ የሚደርስ እርጥበት እንደሚይዝ ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ የኅትመት ስሕተት መስሎኝ ነበር። ትርጉሙን በቃል ይዤው ነበር፤ ለምን እንደዚያ እንደተባለ ግን አልጠየቅሁም ነበር።

የጠየቀኝ ሌላ ሰው ነው። የላቦራቶሪው ባለሙያ በዕድሜ የገፉ፣ ከምድጃው አጠገብ የማይጠፉ ሰው ነበሩ። የፈተና ወረቀቴን ይዤ ሲያገኙኝ ተቀብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይህ አፈር ዛሬ ማታ ዝናብ ቢመታው ውሃው ምን ይሆናል?» አሉኝ። «ይጨምራል፣ ጋሼ።» «ጠቅላላ ክብደቱስ?» «እሱም ይጨምራል።» «ጠጣሩስ?» እዚህ ላይ ዝም አልሁ። «ታዲያ ዝናብ በመጣ ቁጥር በሚለዋወጥ ነገር እንዴት ትለካለህ? የማይለወጠውን ያዝ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያም በጠረጴዛው ላይ በነበረ ብጫቂ ወረቀት አንድ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ሦስት ሳጥኖች ሣሉ፤ ከታች ጠጣር፣ ከመካከል ውሃ፣ ከላይ አየር። በግራ በኩል ይዘት፣ በቀኝ በኩል ክብደት።

ይህ ሥዕል በየመማሪያ መጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ አለ። እኔም አይቼው አልፌው ነበር። ልዩነቱ ከዚያ ቀን በኋላ ማንኛውንም ጥያቄ ሳጥኖቹን ሳልሥል ላለመጀመር መወሰኔ ነው። የወደቅሁበትን ጥያቄ በዚህ መንገድ መልሼ ሠራሁት። በታችኛው ሳጥን ቀኝ 1480፣ በመካከለኛው ቀኝ 370 ጻፍሁ። 1480ን ለ2.70 ሳካፍል የጠጣሩ ይዘት 548 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሆነ፤ የውሃው ይዘት 370 ነው፤ ከ1000 የሚተርፈው 82 የአየር ነው። ሳጥኖቹ ከሞሉ በኋላ የቀረው ማንበብ ብቻ ነበር። እርጥበቱ 370 ለ1480፣ ማለትም 25 በመቶ፤ ደረቅ እፍግታው፣ ማለትም የደረቁ ጠጣር ክብደት ለጠቅላላው ይዘት ሲካፈል፣ 1480 ለ1000፣ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.48 ግራም፤ ቮይድ ሬሾው፣ ማለትም የውሃውና የአየሩ ይዘት በአንድነት ለጠጣሩ ይዘት ሲካፈል፣ 452 ለ548፣ ወደ 0.82፤ ባዶ ቦታው በውሃ የተሞላው 370 ለ452፣ ወደ 82 በመቶ። በቃል የምናጠናው ቀመር፣ ባዶ ቦታው በውሃ የተሞላበት መጠን በቮይድ ሬሾ ሲባዛ ከእርጥበቱና ከስፔሲፊክ ግራቪቲው ብዜት ጋር እኩል ነው የሚለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መፈተሻ ሆኖ አገለገለኝ፤ በሁለቱም በኩል 0.675 ያህል ይወጣል። ቀመሩ ከሥዕሉ የሚወለድ እንጂ ከሥዕሉ በፊት የሚጠና አለመሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በ20 እና በ25 መካከል ያለው ልዩነት የፈተና ነጥብ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት ተመርቄ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ስቀጠር ነበር። የገረጋንቲ ሙሌት በሮለር ከተጠቀጠቀ በኋላ ጥንካሬው የሚመሰከረው በደረቅ እፍግታው ነው፤ በቦታው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የጉድጓዱ ይዘት እፍግታው በሚታወቅ አሸዋ ተለክቶ፣ የወጣው አፈር ይመዘናል፣ ይደርቃል። ያንኑ የፈተና ናሙና እዚህ ላይ ብናመጣውና በላቦራቶሪ የተገኘው ከፍተኛ ደረቅ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.56 ግራም፣ የሚፈለገውም የዚህ 95 በመቶ ነው ብንል፣ ትክክለኛው 1.48 ወደ 94.9 በመቶ ብቻ ስለሚደርስ ንብርብሩ አያልፍም። በእኔ የተሳሳተ 20 በመቶ ግን እርጥብ እፍግታው 1.85 ለ1.20፣ ማለትም ለአንድ ሲደመር እርጥበቱ፣ ሲካፈል 1.54 ይመጣል፤ ይህም ወደ 99 በመቶ ስለሚጠጋ ሙሌቱ በምስጋና ያልፋል። አንድ የማካፈል ስሕተት ያልጠነከረን መሬት ጠንካራ ብሎ ይፈርምለታል። ይህን ስሌት ዛሬም ለአዲስ ምሩቃን የማሳየው በቀይ ብዕር ከተሰረዘ ወረቀት ይልቅ ስለሚያስደነግጥ ነው።

በዚያው ሥራ ላይ የማይለወጠውን መያዝ የሚለው ምክር ከማንኛውም ቀመር በላይ ረዳኝ። ለምሳሌ ከተጠቀጠቀ በኋላ 10,000 ኪዩቢክ ሜትር የሚሆን፣ ደረቅ እፍግታው በኪዩቢክ ሜትር 1.70 ቶን የሆነ ሙሌት ቢፈለግ፣ ገረጋንቲው በሚወጣበት ቦታ ደግሞ ደረቅ እፍግታው 1.36 ቶን ቢሆን፣ ምን ያህል መቆፈር አለበት? ይዘት በየደረጃው ይለዋወጣል፤ አፈሩ ሲቆፈር ይነፋል፣ መኪና ላይ ይሰፋል፣ በሮለር ሥር ይኮማተራል። ጠጣሩ ግን በጉዞው ሁሉ ያው 17,000 ቶን ነው። 17,000 ለ1.36 ሲካፈል 12,500 ኪዩቢክ ሜትር ይሰጣል። አፈሩ በተፈጥሮው 12 በመቶ እርጥበት ቢኖረውና ለመጠቅጠቅ የሚመቸው 18 በመቶ ቢሆን፣ የሚጨመረው ውሃ የ17,000 ቶን 6 በመቶ፣ ማለትም 1020 ቶን ነው፤ 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 102 ምልልስ። ስድስቱን በመቶ በእርጥቡ ክብደት ላይ የሚያሰላ ሰው 12 ምልልስ ያህል ትርፍ ያዛል፣ አፈሩም ይጨቀያል። በፀሐይ የሚተንነው ውሃ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን በየቀኑ እየለኩ ማስተካከል እንጂ በስሌት ስሕተት ማካካስ አይገባም።

ሁለተኛው ትልቅ እንቅፋቴ ኢፌክቲቭ ስትረስ የሚባለው፣ ከጠቅላላው ጫና ላይ የውሃው ግፊት ተቀንሶ የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚሸከሙት ጫና ነበር። ካርል ቴርዛጊ ይህን ሐሳብ በኢስታንቡል እያስተማረ በሙከራ አዳብሮ በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የትምህርቱ መሠረት አድርጎታል። ቀመሩ አንድ መቀነስ ብቻ ነው፤ እኔን ያሳሳተኝ ቀላልነቱ ነው። ከላይ 5 ሜትር አሸዋ፣ ከሥሩ 4 ሜትር ሸክላ አፈር ያለበትን መሬት እናስብ፤ የከርሰ ምድር ውሃው በ2 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። የአሸዋው ክብደት ከውሃው በላይ በኪዩቢክ ሜትር 17፣ ከውሃው በታች 20፣ የሸክላው 18.5 ኪሎኒውተን ነው። በሸክላው እምብርት ላይ ጠቅላላው ጫና 34፣ 60 እና 37 ተደምሮ 131 ኪሎፓስካል ይሆናል። የውሃው ግፊት የ5 ሜትር ውሃ ነው፣ 49 ያህል። ልዩነቱ 82 ነው። እኔ ግን የውሃውን ግፊት ከሸክላው ጫፍ ላይ አቁሜ የ3 ሜትር ብቻ ቀነስሁ፤ ሸክላ ውሃ አያሳልፍም ከተባለ በውስጡ ግፊት ሊኖር አይችልም ብዬ ነበር። ሸክላ ውሃ የሚያሳልፈው እጅግ በዝግታ ነው ማለት በውስጡ ውሃ የለም ማለት አይደለም፤ ዘመናት ያስቆጠረ ውሃ ተረጋግቶ ተቀምጧል፣ ግፊቱም በጥልቀቱ ልክ ነው።

ይህን ሐሳብ በእውነት ያጸናልኝ ጥያቄ የሐይቅ ጥያቄ ነው። የጣና ውሃ በክረምት በአንድ ሜትር ከፍ ቢል ከሥሩ ያለው ጭቃ ይጠቀጠቃል? በደመ ነፍስ አዎን እንላለን፣ ከላዩ ክብደት ተጨምሯልና። ነገር ግን ጠቅላላው ጫናም የቅንጣቶቹ መካከል ውሃ ግፊትም እኩል በ9.81 ኪሎፓስካል ስለሚጨምሩ ልዩነታቸው አይነቃነቅም፤ ጭቃው ምንም አይሰማውም። አሁን ነገሩን እንገልብጠው። በፊተኛው ምሳሌ ላይ ለጎረቤት ሕንፃ መሠረት ሲባል ውሃው በፓምፕ በ2 ሜትር ዝቅ ተደረገ እንበል፤ የደረቀው አሸዋ 17 ኪሎኒውተን ይሁን። ጠቅላላው ጫና ከ131 ወደ 125 ይቀንሳል። የውሃው ግፊት ግን ከ49 ወደ 29 ይወርዳል። ስለዚህ ቅንጣቶቹ የሚሸከሙት ከ82 ወደ 95.6 ይጨምራል። መሬቱ ቀለለ፣ አፈሩ ግን ይበልጥ ተጫነ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳገኝ ሦስት ጊዜ ደግሜ አስልቼዋለሁ። ሸክላው ከዚህ በፊት የበለጠ ጫና ያልቀመሰ፣ ጫና ሲጨምርበት ምን ያህል እንደሚጨመቅ የሚያሳየው የመጭመቂያ ኢንዴክሱ 0.3፣ ቮይድ ሬሾው 0.9 ቢሆን የሚወርደው 4.2 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በላዩ አንድ ጡብ እንኳ ሳይጨመር። ሜክሲኮ ሲቲ በርካታ ሜትሮች የሰጠመችው በዋነኛነት ከሥሯ ውሃ በመሳቡ መሆኑ ከዚያ በኋላ አላስገረመኝም።

ይህ መውረድ የሚፈጀውን ጊዜ በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ሸክላው ውሃውን ከላይም ከታችም ማስወጣት የሚችል ከሆነ ረጅሙ የውሃ መንገድ የውፍረቱ ግማሽ፣ 2 ሜትር ነው፤ ከታች ዐለት ከሆነ ሙሉው 4 ሜትር ነው። መንገዱ በስሌቱ ውስጥ በራሱ ስለሚባዛ ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ሸክላው ውሃውን እያስወጣ የሚጨመቅበትን ፍጥነት የሚያሳየው የኮንሶሊዴሽን ኮፊሸንቱ በዓመት 1 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ግማሹ መውረድ በመጀመሪያው ከ10 ወር ባነሰ፣ በሁለተኛው ከ3 ዓመት በላይ ይፈጃል። ከቀመሩ በፊት ውሃው በየት ይወጣል ብሎ ቀስት መሣል ይህን ስሕተት ሙሉ በሙሉ ያስቀራል።

ስሌቱ ሁሉ እየቀናኝ ሳለ ያጠፋሁት ጥፋት ግን ከፈተናው ይልቅ ያሳዝነኛል። አክስቴ በጥቁር አፈር ላይ አንድ ፎቅ እንኳ የሌለው ቀላል ቤት ልትሠራ ስትል፣ «አንተ ኢንጂነር አይደለህ፣ መሬቱን እስቲ እይልኝ» አለችኝ። ጫናውን አሰላሁ፣ የሚወርደውን አሰላሁ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ስለወጣ «አይዞሽ፣ እትዬ፣ ቤቱ ቀላል ነው» አልኋት። በሁለተኛው ክረምት በሮቹ አልዘጋ አሉ፣ በመስኮቱ ጥግም ሰያፍ ስንጥቅ ወጣ። ጥቁር አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ ይህን መረሬ የሚያርስ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። የቤቱ ቀላልነት የተመካሁበት ነገር ሳይሆን ጉዳቱ ራሱ ነበር፣ የሚያብጠውን አፈር ተጭኖ የሚይዝ ክብደት አልነበረውምና። ሳጥኖቹን ሥዬ ቢሆን ኖሮ መካከለኛው ሳጥን በክረምት እንደሚያድግ፣ በበጋም እንደሚያንስ አይ ነበር። እኔ ግን ወደ ታች መውረድን ብቻ የሚያውቅ ቀመር ይዤ፣ ወደ ላይ ለሚገፋ መሬት መልስ ሰጠሁ።

ከመሥራት በፊት ቢሆን ጥቁሩን አፈር አስቆርጦ በማያብጥ ገረጋንቲ መተካትና መሠረቱን እርጥበት ወደማይለዋወጥበት ጥልቀት ማውረድ ይቻል ነበር። ቤቱ ከቆመ በኋላ የቀረን በአፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከወቅት ወደ ወቅት እንዳይዋዥቅ መከላከል ነው። የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ከግድግዳው አራቅን፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ አለበስን፣ ከግድግዳው አጠገብ የነበሩትን ሁለት ባሕር ዛፎች አስቆረጥን። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ምስማሮች መትቼ፣ በየዓመቱ በነሐሴና በጥር በመካከላቸው ያለውን ርቀት እየለካሁ ከቀኑ ጋር በግድግዳው ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት በሁለቱ ወራት መካከል የነበረው ልዩነት 5 ሚሊሜትር ነበር፤ ባለፈው ዓመት 2 ሆኗል።