ዳማን ወደ ልጆች ከመውሰዴ በፊት ማንም ያልነገረኝ ነገር

ውሻ ያላቸው ሰዎች፣ ልጆችንና ተማሪዎችን ለማረጋጋት ውሻ ተይዞ ስለሚደረገው የበጎ ፈቃድ ጉብኝት (ውሻው «ቴራፒ ውሻ» ይባላል) ሲጠይቁኝ የሚያስቀድሙት ሁልጊዜ «ውሻዬ ፈተናውን ያልፍ ይሆን?» የሚለውን ነው። እኔም ስጀምር የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ የተሰጠኝም መልስ ስለ ፈተናው ብቻ ነበር። ፈተናው ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ከትምህርት ቤቱ በር በኋላ የሚመጣው ነው። እዚያ ዋና ሥራዬ ልጆችን ከውሻ ሳይሆን ውሻዬን ከአዋቂዎች መጠበቅ እንደሚሆን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ዳማ ቡናማ፣ መካከለኛ ቁመት ያላት ሴት ውሻ ናት። ሰው ትወዳለች ስል አትነክስም ማለቴ ብቻ አይደለም። የማታውቀው ሰው ወለል ላይ ከተቀመጠ ራሷ ሄዳ ጎኑ ትተኛለች። ብዙ ውሾች መዳሰስን ችለው ዝም ይላሉ፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ግን ችሎ ዝም የሚለው ሳይሆን ፈልጎ የሚመጣው ነው። የምዘና ቅጾች የሚለኩት ታዛዥነትን ስለሆነ ሁለቱን እምብዛም አይለዩም። ውሻችሁ በትእዛዝ ብቻ ከሰው አጠገብ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ፈተናውን መቶ በመቶ ቢያልፍም አትውሰዱት እላለሁ።

የአሠራሩን ነገር ባጭሩ ልጨርሰው። ውሻው ቢያንስ አንድ ዓመት ሊሞላው ይገባል። የእንስሳት ሐኪም ይመረምረዋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ያላለፈበት መሆን አለበት። በፈተናው ላይ የማያውቁት ሰው ይዳስሰዋል፣ ድንገተኛ ድምፅ ይሰማል፣ ምርኩዝ የያዘና በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ያልፋል፣ ወለል ላይ የወደቀ ምግብ እንዲተው ይጠየቃል። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ውሻ ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ተሕዋስያን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ብዙ ድርጅቶች አይቀበሉትም። ከጉብኝት በፊት ገላው ይታጠባል፣ ጥፍሩ ይቆረጣል፣ ጫፉም ይሞረዳል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይያዝልኝ። ቴራፒ ውሻ ማየት የተሳነውን ሰው እንደሚመራው ውሻ አይደለም። መሪው ውሻ ለአንድ ሰው የሚሠራ ነው፤ በብዙ አገሮች ሕግም ከባለቤቱ ጋር ሕዝብ ወደሚገለገልበት ቦታ የመግባት መብት አለው። ቴራፒ ውሻ የሚገባው በግብዣ ብቻ ነው። ስለዚህ ያላችሁ መከላከያ ከጋባዡ ጋር የተፈራረማችሁት ወረቀት ነው። የእኔም ጣጣ የመጣው ከዚያው ወረቀት ነው።

ለአንድ ትምህርት ቤት የላክሁት ደብዳቤ ግልጽ ነበር። ጸጥ ያለ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ከአምስት የማይበልጡ ልጆች፣ የወላጆች ፈቃድ፣ ከልጆቹ የማይለይ አንድ መምህር፣ ለዳማ ውሃና ሰው የማይዘጋው መውጫ በር። ርዕሰ መምህሩ ፈርመው መለሱልኝ። በዕለቱ ስንደርስ ግን የወሰዱን ወደ አዳራሹ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ድምፅ ማጉያ ተተክሏል፤ ካሜራ የያዘ ሰውም ከፊት ቆሟል።

ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋቸው። «ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቁ ነው የሰነበቱት፤ አምስት አምስት ብንል መቼ ያልቃል? ወረቀቱማ ለደንቡ ያህል ነው» አሉኝ። እጄን ጨብጠው፣ ፈገግ ብለው ነው ይህን ያሉት። ፊርማቸው ከጣታቸው ሥር ነበር።

ካሜራው በተዘጋጀበት ጥግ ጥቂት ልጆች ብቻ ቀርበው ሰላም እንዲሏት፣ ከዚያም ወደ ክፍል እንድንሄድ ተስማማን። የተስማማንበት ነገር ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ከኋላ ያሉት ገፉ፣ ከፊት ያሉት ዳማ ላይ ተደገፉ። መጀመሪያ ከንፈሯን ላሰች። ቀጥሎ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ በሰፊው አዛጋች። አጠገባችን የቆመች መምህርት «እንቅልፏ መጣ!» ብላ ሳቀች። ውሻ እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያዛጋው ብዙ ጊዜ ሲጨንቀው ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ልጆችን ይዞ ከውሻ አጠገብ ባይቆም ደስ ይለኛል።

በግድግዳው በኩል ደግሞ ጀርባዋን ከግድግዳው ያጣበቀች ትንሽ ልጅ ነበረች። አንድ መምህር «አይዞሽ፣ ምንም አታደርግሽም፣ ንኪያት» እያሉ እጇን ይዘው ይጎትቷታል። ፍርሃት በዚህ መንገድ አይለቅም። ደግሞም የልጅቷ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ውሻን የሚፈራ ልጅ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ከሩቅ ይመልከት፤ መቅረብ ካማረው ራሱ ይቅረብ፤ ካላማረው ደግሞ ይሂድ። መምህሩ እጇን እንዲለቁ ስነግራቸው ቅር አላቸው። ቅር ይበላቸው።

ይህን እያልኩ ሳለ አንድ ልጅ ከኋላው ተገፍቶ መጣና የዳማን አንገት በሁለት ክንዱ አቀፈ። ዳማ ደረቀች። አፏ ግጥም አለ፣ ጅራቷ መወዛወዙን አቆመ፣ የዓይኗ ነጭ በጎን ታየ። አላጉረመረመችም። ከማጉረምረም በፊት ያለው የመጨረሻው ልመና ይህ ዝምታ ነው፤ አደገኛነቱም ለማያውቅ ዓይን ትዕግሥት መምሰሉ ነው። እጄን በሁለቱ መካከል አስገብቼ ልጁን «ጎበዝ፣ ክንድህን ቀስ አድርገህ አንሣና ወደ እኔ ና» አልኩት። እንዳልኩት አደረገ። ዳማን ይዤ ወጣሁ።

ርዕሰ መምህሩ በኮሪደሩ እየተከተሉኝ «ምንም አላደረገችም እኮ!» ይሉኝ ነበር። የወጣሁት ምንም ሳታደርግ ለመውጣት ነው። ቆይቼ ቢሆንና አንድ ጊዜ ብታጉረመርም «አደገኛ ውሻ» የሚለውን ደብዳቤ የሚጽፉት እኒሁ ሰው ነበሩ።

ደብዳቤውስ መች ቀረ። ለምሠራበት ድርጅት «መርሐ ግብሩን አቋርጠው ልጆቹን አሳዘኑ» ብለው ጻፉ። አስተባባሪው ጠርቶኝ በጎ ፈቃደኛ ከሁኔታው ጋር መለማመድ አለበት፣ ይቅርታ ብጽፍ ጥሩ ነው አለኝ። የተፈረመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። ይቅርታ አልጻፍኩም፤ አልጽፍምም። በሥራዬ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ በዚያ ቀን በሰዓቱ መውጣቴን ያህል የምኮራበት የለም።

የሚያናድደኝ ሌላም ነገር አለ፤ ያ ሁሉ ግርግር ለልጆቹም የሚጠቅም አልነበረም። በአሜሪካው ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት 249 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአራት ምድብ ከፍሎ ነበር። ለ10 ደቂቃ ውሾችንና ድመቶችን የዳሰሱት ተማሪዎች፣ ተራ እየጠበቁ ሌሎችን ከተመለከቱት ይልቅ በምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። አዳራሽ ሙሉ ተመልካች መሰብሰብ እንግዲህ ለፎቶ ነው።

አሁን በሥራዬ የምከተለው የራሴን ደንብ ነው። ፔት ፓርትነርስ የተባለው የታወቀ የአሜሪካ የቴራፒ እንስሳት ድርጅት በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ መጎብኘትን ይከለክላል። ሁለት ሰዓት ለልጆች ክፍል እጅግ ብዙ ነው፤ እኔ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ እነሣለሁ። አሠልጣኞች ውሻውን ልጁ አጠገብ «ቆይ» ብላችሁ አስቀምጡት ይላሉ። እኔ ዳማን በልጆች መካከል «ቆዪ» ብዬ አላውቅም። ገመዱ ከእጄ አይወጣም፣ ግን ላላ ብሎ ነው የሚቆየው፤ መሄድ ከፈለገች ትሂድ። ተነሥታ ከሄደች ልጆቹ «አሁን ማረፍ ፈለገች» ይባላሉ፤ ልጆች ይህን ከአዋቂዎች ፈጥነው ይረዳሉ። ማቀፍ የለም። ራስን ከላይ መዳበስም የለም፤ ከደረቷ ይጀመራል።

ከሁሉ የምወደው የንባቡን ሰዓት ነው። ልጅ ለውሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ የማድረግ አሠራር በፕሮግራም ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካዋ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ውሻ አያርምም፣ አይቸኩልም፣ አይስቅም። አንድ ልጅ ነበር፤ ክፍል ውስጥ አንብብ ሲባል ድምፁ የሚጠፋ። ከዳማ ጎን በሆዱ ተኝቶ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስሄደ ያነብባል። አንድ ቃል ላይ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው ይይዘዋል። ገጽ በገለበጠ ቁጥር የዳማ ጆሮ ይነሣል። ሥዕል ሲያገኝ መጽሐፉን አዘንብሎ ያሳያታል፤ አይታለች ብሎ ሲያምን ብቻ ይቀጥላል። እኔ በዚህ ጊዜ የማየው ዳማን ነው። ወደ እሱ ቀና ካልሁ ማንበቡን ያቆማል። አጠገባችን የሚቀመጥ መምህር የተሳሳተውን ቃል ሊያርም አፉን ሲከፍት በእጄ ምልክት ዝም አሰኘዋለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፈተና ሰሞን ሌላ ናቸው። አይጯጯሁም። ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዳንዱ እጁን ጎኗ ላይ አድርጎ ትንፋሿን እየተከተለ ይተነፍሳል። የሚያለቅስም አለ። ያኔ ምክር አትስጡ። ውሻው መሄድ ካልፈለገ በቀር አትነሡ፤ የምክር አገልግሎት ባለሙያው ቢሮ የት እንዳለ ግን እወቁ።

ለዳማ ይህ ሥራ ነው። ከጉብኝት ስንመለስ ውሃ ጠጥታ ወዲያው ትተኛለች፤ በማግሥቱ ሌላ ቀጠሮ አልይዝም። ጠዋት የሥራ ማሰሪያዋን ስይዝ ራሷ መጥታ አንገቷን ታስገባለች። ያልመጣችበት ቀን የለም ማለት አልችልም፤ በዚያ ቀን ስልክ ደውዬ እሰርዛለሁ። የሚጠብቁ ልጆች መኖራቸው ያሳዝነኛል፣ ቢሆንም እሰርዛለሁ። አሁን አፍንጫዋ ዙሪያ ሸብቷል። ራሷ መምጣቷን ጨርሳ ያቆመች ዕለት ሥራው ያበቃል፤ ይህን የሚወስነው አስተባባሪም ትምህርት ቤትም አይደለም።

አዲስ ለምትጀምሩ፦ ከመጀመሪያው ጉብኝት በፊት ውሻችሁን ሳትይዙ ሂዱና ክፍሉን በዓይናችሁ እዩ። በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ ወለሉ ያንሸራትት እንደሆነ፣ ደወሉ የት እንደተሰቀለ ተመልከቱ። ወረቀታችሁ ላይ «ቁጥሩ ካለፈ ጉብኝቱ ወዲያው ይቋረጣል» የሚል መስመር ጨምሩ፤ ከፊርማው በላይ ይሁን እንጂ ከሥሩ አይሁን። ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ፈልጋችሁ ተነጋገሩ። የትኛው ልጅ ማንበብ እንደሚያስፈራው የሚያውቀው፣ ጸጥ ያለ ጥግም ያለው እሱ ነው።